በሴቶች በር ያየሁት

አገር ቤት በገባሁ ቁጥር የሥራዬን ስም ማስረዳት ያደክመኛል። «የሥርዓተ ፆታ ባለሙያ ነኝ፤ ዓለም አቀፍ ሰላም አስከባሪ ውስጥ» ስል ዘመዶቼ በአክብሮት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ትንሽ ቆይተው «ታዲያ ጠመንጃ ይሰጡሻል?» ይላሉ። አይሰጡኝም። «ትፈርጃለሽ?» አልፈርድም። አጎቴ አያ ካሴ አንድ ጊዜ ረጅም ካሰቡ በኋላ «እንግዲያው ሰው ሲጣላ ቆመሽ ታያለሽ በይኛ» አሉኝ። ያኔ ስቄ አልፌው ነበር።

ስሜ ትርንጎ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ላይ ነው። የምሠራው ግን ጦርነት በቆየበት ሌላ አገር ነው፤ የአገሩን ስም ልተወው። ሥራዬን ባጭሩ ላስረዳችሁ። መንደርና መንደር ሲጣላ የእኛ ሰዎች ሽማግሌዎችን ሰብስበው ያነጋግራሉ። እኔ ደግሞ «ሴቶቹስ የት አሉ?» እላለሁ። ከየስብሰባው በኋላ የሚሞላ ቅጽ አለን፤ «ስንት ሴቶች ተገኙ?» የሚል መስመር አለው። ያ መስመር ባዶ ሆኖ ከመጣልኝ እሳት ጎርሼ ነው የምነሣው። አንዴ ሴቶች ካልመጡ ስብሰባው አይጀመርም ብዬ አንድ ኮሎኔል ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት አስጠብቄአለሁ። በዚህ እኮራ ነበር። ሴት ወንበር ካላገኘች ድምፅ የላትም ብዬ ነበር የማምነው፤ ይህን ማንም ሊያስለውጠኝ አይችልም ነበር።

ያለፈው ዓመት የካቲት፣ አውድማው ከተነሣ በኋላ፣ መንገዱ የሚከፈትበትን ቀን ጠብቄ ለዕረፍት ገባሁ። ያረፍሁት አክስቴ እማዋይሽ ቤት ነው። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እንደ እናትም «አንቺ» ነው የምላት። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯት። ትልቁን፣ ደሴን፣ ከሦስት ዓመት በፊት በእርሻ ድንበር ጠብ የማዶው ሰፈር ልጅ ታደለ ገደለው። ታደለ ተፈርዶበት እስር ላይ ነው። በእኛ አገር ግን ደም በፍርድ ቤት ብቻ አይደርቅም። የሟች ወንድም መልካሙ አለ፤ የገዳይ ታናሽ ወንድም አዳነ አለ። ሁለቱ አንድ ቀን መንገድ ላይ ከተገጣጠሙ አንዱ ወደ ቤቱ እንደማይመለስ ሁሉም ያውቃል።

አዳነ ጥቂት ጊዜ እናቱ ጋ፣ ጥቂት ጊዜ ደግሞ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ፣ ዘመዶቹ ዘንድ ይኖራል። ገበያው አንድ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አንድ፣ ወንዙ አንድ ሆኖ ሳለ ሁለቱ ልጆች ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይገናኙ ቀሩ። ሰው ሁሉ የሚካኤል ጥበቃ ነው ይላል። እኔም እንዲያው ነበር የመሰለኝ።

በገባሁ በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ከአክስቴ ጋር ቅዳሴ ሄድሁ። የሰፈራችን ሚካኤል የወንዶች በርና የሴቶች በር አለው። ወንድ በሴቶች በር አይገባም፤ ዞር ብሎም አያይም። አክስቴ ከፊቴ ቆማለች። ወንጌል ከተነበበ በኋላ አንዲት አጠር ያሉ ሴትዮ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው መጥተው ከጎኗ ቆሙ። ሕዝቡ ሲሰግድ ሁለቱ አብረው ሰገዱ፤ ሲነሡ የሴትዮዋ አፍ አክስቴ ጆሮ አጠገብ ነበር። አክስቴ ራሷን ነቀነቀች። ሴትዮዋ ዘወር ሲሉ ለየኋቸው። የታደለና የአዳነ እናት፣ እመት እታገኝ ነበሩ።

ይህ ለእናንተ ቀላል ሊመስል ይችላል። ሁለቱ ሴቶች መንገድ ላይ የሚተላለፉት እንደማይተዋወቅ ሰው ነው። አንዷ ወፍጮ ቤት ካለች ሌላዋ እህሏን ይዛ ትመለሳለች። ድሮ አንድ የማርያም ማኅበር ይጠጡ ነበር፤ ከደሴ ሞት በኋላ አክስቴ ማኅበሩን ትታ ወጣች። እና እነዚህ ሴቶች ሲያወሩ በዓይኔ አየሁ። ደስታዬ ወሰን አጣ። ወንዶቹ ያልቻሉትን እናቶቹ ይቅር ተባብለው ጨርሰውታል ብዬ ደመደምሁ። አክስቴን ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ መለስሁት። ሐሙስ ሽማግሌዎች ለእርቅ እንደሚቀመጡ ሰምቼ ስለነበር ለዚያ ቀን አስቀመጥሁት።

ረቡዕ ዕለት ገብስ ስታበጥር አጠገቧ ተቀመጥሁና «ነገ አንቺም ሽምግልናው ላይ ተቀመጪ እንጂ» አልኋት።

«እኔ እዚያ ምን ልሠራ?»

«የሞተው እኮ ያንቺ ልጅ ነው። ካንቺ በላይ ማን ይናገርለታል?»

«እዚያ የተቀመጠ ሰው የተናገረው ይያዝበታል፤ ይማልበታል» አለችኝ ሰፌዱን ሳታቆም። «እኔ የማይያዝብኝ ቦታ ይሻለኛል።»

«ይህን ነው እኮ ያስለመዷችሁ» አልሁ ተናድጄ።

ሳቀችብኝ። «ኧረ ተይኝ ልጄ፤ ገለባው ዓይንሽ ውስጥ ይገባል፣ ራቅ በይ» አለች።

ሐሙስ ጠዋት አምስት ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ወይራው ሥር ተቀመጡ። ሰብሳቢው እዚሁ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ገዳም ድጓ የተማሩት መሪጌታ ሐዲስ ናቸው። የእኛ ወገን ከወይራው ወዲህ፣ የገዳይ ወገን ከሸለቆው ማዶ ነው፤ ዓይን ለዓይን እንዳይተያይ ሽማግሌዎቹ ናቸው ወዲያና ወዲህ የሚመላለሱት። አዳነ ራሱ አልነበረም። «ልጁ እስቴ ነው፤ ነገ አርብ በገበያ መኪና ይገባል፣ ቅዳሜ እዚህ መጥቶ ይምላል» ተብሎ በግልጽ ተነገረ። ሴቶቹ ራቅ ብለው በቅጥሩ በር አጠገብ ተቀምጠዋል። እኔ ግን ሄጄ ከወንዶቹ ጀርባ ተቀመጥሁ፤ ማንም አልከለከለኝም።

መልካሙ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። መሪጌታ ሦስት ጊዜ ለመኑት። በመጨረሻ «እናቴ ጥቁሯን ሳታወልቅ እኔ እጄን ለማን ነው የምዘረጋው?» አለ። «እሷ ያላለቀሰችበት ቀን የለም። እሷ ይቅር ሳትል እኔ ይቅር ብል ሰው አይደለሁም።»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ነገሩ ሊፈርስ መሆኑ ገባኝ። ያኔ ነው የተነሣሁት።

«አባቶቼ፣ ይፍቀዱልኝ» አልሁ። መሪጌታ «ተናገሪ» አሉኝ። «መልካሙ፣ እናትህን ሰበብ አታድርጋት። እናትህ ከእመት እታገኝ ጋር ታርቃለች። እሑድ ቅዳሴ ላይ፣ በሴቶች በር፣ ጎን ለጎን ቆመው ሲነጋገሩ በዓይኔ አይቻለሁ። እናቶች የጨረሱትን እናንተ ለምን ታስቀራላችሁ?»

እንደዚህ ዓይነት ንግግር ብዙ ጊዜ አድርጌአለሁ። ከዚያ በኋላ ሰው ያጉረመርማል፣ አንድ ሽማግሌ ይስማማል፣ ነገር ይከፈታል። ይህኛው ግን ጭጭ አለ። 

መልካሙ ቀስ ብሎ «የመጀመሪያቸው አይመስለኝም» አለ። ለእኔ አልነበረም፤ ለራሱ ነው። «ባለፈው ሰኔ በሬው ጠፋ ብላ ቆላ ሰድዳኝ በሬው ከጓሮ ተገኘ። ያን ዕለት አዳነ እዚህ ነበር አሉ። የገና ዋዜማም ጎኔን ወጋኝ ብላ ከገበያ አስቀረችኝ።» ቀና ብሎ አየኝ። «የወንድሜን ገዳዮች ስፈልግ የሚሸሽጋቸው ከቤቴ ውስጥ ነው ለካ።»

ጋቢውን አጣፍቶ ሄደ። አንድም ሰው አልያዘውም።

መሪጌታ ሐዲስ በትራቸውን ተደግፈው ወደ እኔ መጡ። አልተቆጡም። «ልጄ፣ አንቺ እሑድ ያየሽውን እኛ ሦስት ዓመት እናውቀዋለን» አሉኝ። «ዝም ያልነው ሳናውቅ ቀርተን መስሎሽ ነው?»

እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

አክስቴ በሩ አጠገብ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። መንገዱን ሙሉ ከፊቴ ከፊቴ ሄደች። እቤት ስንደርስ መልካሙ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ክላሹን ይወለውላል። «ነገ ከዚህ ቤት እንዳትወጪ» አላት እናቱን ሳያያት። «እኔ ገበያ እወርዳለሁ።» አዳነ ነገ በገበያ መኪና እንደሚገባ ያው በሽምግልናው ሰምቷል።

ጓዳ ገብተን «ይቅር ያልሻት መስሎኝ ነው» አልኋት።

«ይቅር?» አለች አክስቴ። «እታገኝን ይቅር አላልኋትም። ይህ ሆዴ እስከዛሬ ይነድዳል። ግን አንድ ልጅ ነው የቀረኝ፤ እሷም ከእስር ውጭ አንድ ነው የቀራት። እሷ የወገኖቿን መንገድ ትነግረኛለች፣ እኔ የልጄን እነግራታለሁ። በሬ ይጠፋል፣ ጎን ይወጋል። በቃ፣ ይኸው ነው ነገሩ። ይቅርታውንማ እነሱ ወንዶቹ ይጨርሱት ብዬ ነበር።»

ያን ጊዜ ነው ያፈረስሁትን ያወቅሁት። ከእንግዲህ ጎኗን ቢወጋት መልካሙ አያምናትም፤ በሬውም ቢጠፋ አይፈልግም። ፖሊስስ? ትሉኝ ይሆናል። በዚያ ሰሞን ጣቢያው ውስጥ ሰው አልነበረም። ስልክ ካጣን ወራት አልፎናል። አዳነ ነገ ይመጣል፤ የሚጠብቀው ሰው እንዳለ አያውቅም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሸለቆውን ተሻግሬ እመት እታገኝ ቤት ሄድሁ። ሴት ስለሆንሁ ማንም አልነካኝም፤ ደም ያለበት ሰፈር ሴት ትሻገራለች። እመት እታገኝ ከደጃቸው ቆመው እንድገባ አልጋበዙኝም።

«ያቺ ተናጋሪዋ ነሽ?» አሉ።

«ነኝ። መልካሙ ነገ ገበያ ይወርዳል። ልነግርዎ ነው የመጣሁት።»

«ይህንንስ ሰው ሁሉ ሰምቶታል።» ነጠላቸውን አጥብቀው ተከናነቡ።  «ለእማዋይሽ ንገሪልኝ። ነገ ጠዋት የገበያው መንገድ ላይ፣ ሾላው ሥር እጠብቃታለሁ።»

«እንዳትወጣ ብሏታል።»

«ትወጣለች። እንግዲህ የሚደበቅ የለ፤ በገሃድ እንሄዳለን።» ልመለስ ስል «አንቺ ደግሞ ነገ አፍሽን ያዢልን» አሉኝ።

አርብ ጠዋት መልካሙ ቀድሞ ወጣ፤ ክላሹ ጋቢው ሥር ነበር። አክስቴ ትንሽ ቆየችና አንድ ስልቻ ገብስ አህያው ላይ ጭና «ንጂ» አለችኝ። ሾላው ሥር እመት እታገኝ አንድ ቁና ባቄላ ይዘው ተቀምጠዋል። ሰላም አልተባባሉም። ተነሥተው ከአክስቴ ጎን ገቡ፤ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ሆነው መንገድ ጀመሩ። እኔ አህያውን እየነዳሁ ከኋላ ተከተልሁ። ገበያተኛው ሲያያቸው መንገድ ይለቅና ቆሞ ያያል። አንዲት ሴት የተሸከመችውን ዶሮ አውርዳ አማተበች።

አርብ ገበያ ስንደርስ መኪና ከሚቆምበት ፊት ለፊት ተቀመጡ። ገብሱና ባቄላው ጎን ለጎን ተዘረጋ። ሊገዛ የቀረበ የለም፤ ዙሪያችን ባዶ ሆነ። መልካሙ ከጨው ተራው አጥር ጋ ቆሞ ነበር። እናቱን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ፤ ከቦታው ግን አልተንቀሳቀሰም።  ልናገር፣ ልለምነው፣ እግሩ ላይ ልውደቅ እያልሁ ስነሣ አክስቴ ቀሚሴን ያዘችኝ። «አንቺ ገብሱን ጠብቂ» አለች።

መኪናው አምስት ሰዓት ላይ ገባ። አዳነ ትንሽ ቦርሳ አንጠልጥሎ ከሰዎች መሐል ወረደ። ገና ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ዓይኑን ከፀሐይ በእጁ እየጋረደ ዙሪያውን አየ። መልካሙ ከአጥሩ ተነሣ። ጋቢው ተገለጠ።

እመት እታገኝ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አነሡ። በእኛ አገር ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ጎንበስ የሚለው እርቅ የሚለምነው ገዳይ ወይም የገዳይ ወንድ ዘመድ ነው። ሴት ተሸክማ አይቼ አላውቅም። ድንጋዩን ማጅራታቸው ላይ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው፣ መልካሙና ልጃቸው መሐል ገቡ።

አክስቴም ተነሣች። ሄዳ ድንጋዩን ከእመት እታገኝ አንገት ላይ በሁለት እጇ አነሣችው። «ተይው» አለቻቸው። «አንቺ የተሸከምሽው ይበቃል።» ከዚያ ድንጋዩን እንደያዘች ወደ ልጇ ዞረች።

«አምና የአቡነ አረጋዊ ዕለት ስማዳ ለሠርግ ልትሄድ ስትል ደረቴን ይዤ ደጅ የወደቅሁትን ታስታውሳለህ?»

መልካሙ ድንጋዩን አየ።

«የአዳነ አጎቶች ‹ሳይቀድመን እንቅደመው› ብለው ከወንዙ ማዶ ቋጥኝ ሥር አድፍጠው ነበር። ማን ነገረኝ ይመስልሃል?»

መልካሙ ወደ እመት እታገኝ አየ። «እርስዎ ነዎት?» አለ። እሳቸው መሬት መሬቱን እያዩ «እኔ ነኝ ልጄ» አሉ።

«እሷ ባትኖር አንተም ከደሴ ጎን ነበርህ» አለች አክስቴ። «አሁን እንግዲህ የምታደርገውን አድርግ። እኔ ከዚህ አልንቀሳቀስም።»

ምን ያህል እንደቆመ አላውቅም። ገበያው ሁሉ ቆሞ ነበር። በመጨረሻ ጋቢውን መልሶ ለበሰ። እናቱን እያየ «ልጅሽን ግን አላመንሽውም» አላት።

«አላመንሁህም» አለች። «በሕይወት እንድትኖርልኝ ነው የፈለግሁህ።»

ዞሮ በገበያው መሐል ሄደ። ሰው መንገድ ለቀቀለት። አክስቴ ድንጋዩን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ከዚያ አዳነን ጠራችው። ልጁ ቦርሳውን አስቀምጦ ቀረበ። «ይህን ስልቻ አህያው ላይ አሸክመኝ፤ ዛሬ ገብስ የሚገዛ የለም» አለችው። አንድ ጫፍ እሷ፣ አንድ ጫፍ እሱ ይዘው ጫኑት። እኔ ያን ጊዜ ነው ያለቀስሁት።

እርቁ ከአንድ ወር በኋላ ተፈጸመ። እኔ ወደ ሥራዬ ተመልሼ ስለነበር አላየሁትም። መልካሙ እጁን ዘርግቷል፣ ምሏል፣ አዳነም ምሏል። አክስቴ እዚያም ላይ ተቀመጪ ብትባል እምቢ ብላለች። በማግሥቱ መልካሙ ሚስቱንና በሬዎቹን ይዞ ስማዳ፣ አማቶቹ ዘንድ ገባ። ከዚያ ወዲህ የእናቱን ደጅ አልረገጠም።

አንባቢዎቼ፣ ነገሩ በደህና አለቀ ብላችሁ እንዳታጽናኑኝ። ሁለት ልጆች በሕይወት አሉ፤ ይህን ያደረጉት ሁለቱ እናቶች ናቸው። ያቺ እናት ልጇን ማጣቷ ግን የእኔ ሥራ ነው። እኔ ባልናገር ያ እርቅ በዚያው ሐሙስ ቢፈርስ እንኳ በሬው ሌላ ዓመት ይጠፋ ነበር፣ ጎኗንም ይወጋት ነበር፣ መልካሙም ማታ ማታ ከእጇ ይጎርስ ነበር።

ሥራዬን አልተውሁም። ሴት ከሽምግልና ትቅር ወደሚሉትም አልዞርሁም፤ እንዲያውም አንዳንድ ሰው ይህን ታሪክ ሰምቶ «አየሽ፣ አትቀላቅሏቸው ብለን ነበር» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። አክስቴን ከሽምግልናው ያራቃት ማንም አልነበረም፤ ቦታዋን የመረጠችው ራሷ ናት፤ እኔ ነኝ መጥቼ መጋረጃውን የገለጥሁባት። አሁን አዲስ መንደር ስገባ ወንበር አላስደረድርም። መጀመሪያ አንዲት እናት ፈልጌ ለብቻችን እንቀመጣለን። «እዚያ ከወንዶቹ ጋር ብትቀመጪ የሚበላሽብሽ ነገር አለ?» እላታለሁ። አንዳንዷ «የለም፣ ወንበሬን አምጪልኝ» ትላለች፤ ያን ጊዜ ኮሎኔሉን ፀሐይ ላይ አቆመዋለሁ። አንዳንዷ ዝም ትላለች። ዝም ካለች ያን መስመር ባዶ አድርጌ እልከዋለሁ። አለቃዬ «ሴቶች አልነበሩም እንዴ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ነበሩም አልልም፣ አልነበሩምም አልልም።

ስልኩ ከተመለሰ ወዲህ በየሳምንቱ ለአክስቴ እደውላለሁ። ሁልጊዜ የምጠይቃት ያው ነው። ባለፈው እሑድም «መልካሙ መጣ?» አልኋት።

«አልመጣም» አለችኝ። «ግን ደህና ነው። ዘንድሮ ስንዴው አምሮለታል፤ ሚስቱም አርግዛለች። ባለፈው ሳምንት ወባ ይዞት ነበር፣ ተሽሎታል።»

ስማዳ ያለ፣ እናቱን የማያናግር ልጅ ወባው እንደተሻለው በምን አወቀች? «ማን ነገረሽ?» ልላት አፌን ከፈትሁ።

ከዚያ ዘጋሁት፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻ አልኋት።